የፈንጣጣው አባት፦ አባ ማስያስ በኢትዮጵያ

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በኒው አልባኒም ሆነ በኮሎምበስ ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን አሰልፈው ወደ ክሊኒክ ይሄዳሉ። ትምህርት ቤቱ የክትባት ወረቀት ይጠይቃልና። በዚያ ወረቀት ላይ ኩፍኝ አለ፣ ፖሊዮ አለ፣ ቴታነስ አለ። ፈንጣጣ የሚል መስመር ግን የለም። ፈንጣጣ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በአያት ክንድ ላይ። ክብ፣ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ። ልጁ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የድሮ ክትባት ነው» ይባላል፤ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። (ዕድሜያቸው ከሃምሳ በታች በሆኑት ክንድ ላይ የሚታየው ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። የፈንጣጣውን ምልክት የያዙት ከዚያ በላይ ያሉት ናቸው።)

ያንን ጭረት ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት በጉድሩ፣ በካፋና በሸዋ ሰዎች ክንድ ላይ ያደርጉ ከነበሩት አንዱ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነበሩ። ሀገሬው አባ ማስያስ፣ አቡነ መስያስ እያለ ይጠራቸው ነበር። ሌላም ስም ነበራቸው፦ የፈንጣጣው አባት። ይህ ቅጽል ወደ ጣሊያንኛ መጻሕፍት ሲገባ እንኳ «ፈንጣጣ» የሚለውን ቃል እንደያዘ ነው የገባው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሐኪም የነበሩ ቅዱሳን አሏት። የኔፕልሱ ዶክተር ጁሴፔ ሞስካቲ ድሆችን በነፃ ሲያክሙ ኖረው በ1927 አረፉ፤ በ1987 ቅዱስ ተባሉ። የሕፃናት ሐኪሟ ጃና ቤሬታ ሞላ በ2004 ከቅዱሳን መዝገብ ገብተዋል። ከእነዚህ እጅግ ቀደም ብሎም ያለ ክፍያ ያክሙ የነበሩት ቆዝሞስና ድምያኖስ አሉ። እነዚህን የእኛም ስንክሳር ኅዳር 22 ቀን ስለሚያስባቸው ለኦርቶዶክሱ አንባቢም እንግዳ አይደሉም። አባ ማስያስ ግን ዲፕሎማ ያላቸው ሐኪም አልነበሩም። ቅዱስም ገና አልተባሉም። ይሁንና ከሐኪምነትና ከቅድስና ጋር በተያያዘ የኢትዮጵያን ምድር በረገጡ ሰዎች ታሪክ ውስጥ የእሳቸውን ያህል የሚያከራክር ማግኘት ያስቸግራል።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከበዓላት ቀን በስተቀር ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ አባ ማስያስ ማን ነበሩ?

በ1809 ሰኔ ወር በሰሜን ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ፣ ፒዮቫ በምትባል የገበሬ መንደር ተወለዱ። የልደት ስማቸው ሎሬንሶ ማሳያ ነው። መንደሯም ዛሬ በእሳቸው ስም ፒዮቫ ማሳያ ተብላ ትጠራለች። በ1826 ከካፑቺን መነኮሳት ማኅበር ገብተው ጉልዬልሞ ተባሉ፤ በ1832 ቀሰሱ። ከ1834 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በቶሪኖ ከተማ በማውሪሲያኖ ሆስፒታል የበሽተኞች ንስሐ አባት ሆነው ተመደቡ። ሐኪሞቹ ሲያክሙ እየተመለከቱ፣ እየጠየቁ፣ እየረዱ የሕክምናንና የቀዶ ጥገናን መጀመሪያ የቀሰሙት እዚያ ነው። እንግዲህ የሕክምና ትምህርታቸው በሙሉ ይኸው የሁለት ዓመት የአልጋ ዳር ትምህርት ነበር። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ፍልስፍናና ነገረ መለኮት አስተማሩ።

በዚያ ዘመን አንትዋን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ ኦሮሞ ሀገር ሚሲዮን እንዲላክ ሮምን ይወተውት ነበር። በግንቦት 1846 ፖፕ ጎርጎርዮስ 16ኛ አዲስ ሀገረ ስብከት አቋቁመው ጉልዬልሞን ጳጳስ አድርገው ሾሙ። (ሀገረ ስብከቱ የተመዘገበበት ስም አውሮፓውያኑና የቤተ መንግሥት ሰዎች ኦሮሞውን ይጠሩበት የነበረው፣ ዛሬ ስድብ የሆነው ስም ነው፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም።) አዲሱ ጳጳስ በወሩ ተነሡ። ሀገረ ስብከታቸው ለመድረስ ግን ስድስት ዓመት ፈጀባቸው!

በምፅዋ ገብተው በትግራይ ከአባ ያዕቆብ ጋር ተገናኙ። አባ ያዕቆብ ማለት በኋላ በ1975 ቅዱስ የተባሉት ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምፀት አለ። ግብፃዊውን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ለማምጣት በ1841 ወደ ግብፅ የሄደውን የኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ጓድ አጅበው የሄዱት እኒሁ አባ ያዕቆብ ነበሩ። አቡነ ሰላማ ግን መንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ የካቶሊኮቹ ዋና ባላጋራ ሆኑ። አባ ማስያስም ተወግዘው ከትግራይ ለመውጣት ተገደዱ። በጥር 1849 በምፅዋ፣ በሌሊት፣ አባ ያዕቆብን ጳጳስ አድርገው ቀቡና መንገዳቸውን በሌላ በኩል ፈለጉ። ወደ ግብፅ ተመልሰው፣ ስማቸውን ቀይረው፣ ነጋዴ መስለው፣ በሱዳን በኩል ዞረው ዓባይን ተሻገሩ። በኅዳር 1852 ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ደረሱ። ከጉድሩው ገዥ ከጋማ ሞራስ ጋርም ወዳጅ ሆኑ።

ሀገሩ የገበያ ሀገር ነበር። ከጎጃም ባሶ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሊሙ ኢናርያና ወደ ካፋ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ በዚያ ያልፋል። ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰው በባርነት ይነዳበት ነበር። ነጋዴው የሚያመላልሰው ግን ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ፈንጣጣም አብሮት ይጓዝ ነበር።

ስለ ፈንጣጣ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዛሬ ልጆች ቃሉን እንኳ የሚያውቁት በስድብ ነው። ብርቱው የፈንጣጣ ዓይነት ከያዛቸው መቶ ሰዎች ሠላሳ ያህሉን ይገድል ነበር። የተረፈውን ፊቱን ይበሳሳዋል፣ አንዳንዱንም ዓይኑን ያጠፋዋል። አባቶቻችን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ግን አልነበረም። በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል እዥ ወይም ቅርፊት ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጭሮ ማስገባት በሀገራችን የቆየ ጥበብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህንኑ አይቶ ጽፎታል። «ክትባት» የሚለውም ቃል «ክታብ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ ሁለቱም ከመጻፍ የመጡ ናቸው። በክንድ ላይ እንደ መጻፍ ማለት ነው። ፈረንጅ እስኪመጣ ምንም አይታወቅም ነበር የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

የሀገሬው ዘዴ ችግሩ የሚሰጠው እውነተኛውን ፈንጣጣ መሆኑ ነው። የተከተበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ግን ይሞታል። በታመመባቸው ቀናትም ወደ ጎረቤቱ ያስተላልፋል። አንድ ቤት ሲድን ሌላው ቤት ሊለከፍ ይችላል። በ1796 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጀነር ያገኘው ዘዴ ከዚህ የሚለየው ከላም የሚገኘውን የዋህ በሽታ መጠቀሙ ነው። የላሙ በሽታ ክንድ ላይ አንድ ቁስል አውጥቶ ይሽራል፤ ሰውየው ግን ከፈንጣጣ ይጠበቃል፤ ለሌላ ሰውም ፈንጣጣ አያስተላልፍም።

ታዲያ ይህን ከአውሮፓ እስከ ጉድሩ እንዴት ማድረስ ይቻላል? በረዶ የለ፣ ማቀዝቀዣ የለ። ፈሳሹ በሙቀት ኃይሉን ያጣል። በዚያ ዘመን የነበረው ዋና መላ ከክንድ ወደ ክንድ ማሻገር ነው። አንድ ሕፃን ይከተባል፤ በሳምንቱ ገደማ ክንዱ ላይ የወጣው ውኃ የቋጠረ ቁስል ይከፈትና ከእሱ ለሌሎች ይወሰዳል፤ ከእነሱ ደግሞ ለሚቀጥሉት። ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ ሁሉ ነገር እንደገና ከዜሮ ነው። ስፔናውያን በ1803 ክትባቱን ወደ አሜሪካ አህጉር ሲያሻግሩ 22 ወላጅ አልባ ልጆች መርከብ ላይ አሳፍረው አንዱን ከሌላው እያስከተሉ የከተቡት ለዚህ ነው።

አባ ማስያስ በጉድሩ፣ በለገ-አማራ፣ በካፋ፣ በኋላም በሸዋ ይህንኑ ሥራ ያዙ። የዓባይ ማዶ ሰው ከደጃቸው የተሰለፈው ስለ ሮማው ፖፕ ለመስማት አልነበረም፤ ልጁን ለማትረፍ ነው። እሳቸውም ሕክምናው ለስብከታቸው በር እንደ ከፈተላቸው በጻፉት መጽሐፍ አልደበቁም። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ በዋቄፈና እምነቱ የኖረውም ክንዱን ገልጦ ቀረበ። የፈንጣጣው አባት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ ሮም አልሰጠችውም፣ ወረፋ የጠበቀው ሕዝብ ነው የሰጣቸው።

በ1859 ካፋ ገቡ። በ1861 ከዚያ ተባረሩ። በ1863 ወደ አውሮፓ ለመመለስ ሲጓዙ ተይዘው ዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀረቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ለቀቋቸው። በአውሮፓ በቆዩበት ጊዜ በ1866 በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1867 ደግሞ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን ቋንቋ አዘጋጅተው በፓሪስ አሳተሙ። ለዓመታት ሲባረሩ የኖሩ ሰው በ58 ዓመታቸው የሰዋስው መጽሐፍ ማሳተማቸው ሊመለሱ እንደ ነበር ያስረዳል። ተመለሱም።

በመጋቢት 1868 ልቼ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተገናኙ። ሐሳባቸው በሸዋ አልፎ ወደ ቀድሞው ሀገረ ስብከታቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ ለመውረድ ነበር። ምኒልክ ግን አልለቀቋቸውም። የ23 ዓመቱ ወጣት ንጉሥ አውሮፓን የሚያውቅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ በሽተኛ የሚያክም ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። አባ ማስያስ በሸዋ ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ንጉሡም በፊንፊኔ፣ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ መሬት ሰጧቸው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1886 ስለሆነ ሚሲዮኑ ከከተማይቱ በብዙ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። በኋላ የአራዳ ጊዮርጊስ የቆመው በዚያው በብርብርሳ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል፤ መወሳሰቡንም መሸፋፈን አይገባም።

በ1876 በማርኪስ አንቲኖሪ የሚመራው የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሸዋ ሲደርስ በንጉሡ ዘንድ መንገድ ያመቻቹለት አባ ማስያስ ነበሩ። ጓዱም ልጥ ማረፊያ በተባለው ቦታ ተቀመጠ። እንግዲህ ያ ጣቢያ የሳይንስ ጣቢያ ነው ተባለ፤ በ1885 ግን ጣሊያን ምፅዋን ያዘ፤ በ1889 የውጫሌ ውል መጣ፤ በ1896 ዓድዋ ሆነ። አባ ማስያስ ይህን ሁሉ አቅደው አደረጉት ማለት ትክክል አይደለም፤ ፈንጣጣ ለመከላከል ሃያ ዓመት በእግሩ የሚዞር ሰላይ የለም። ነገር ግን የሚሲዮናዊ መርፌና የመንግሥት ዓላማ በአንድ መንገድ ሲጓዙ የሀገሩ ባለቤት መጠርጠሩ የሚያስወቅስ አይደለም።

የዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ነገር በዚህ መልክ መታየት አለበት። በመጋቢት 1878 ምኒልክ በልቼ ለዮሐንስ ገበሩ። በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የሃይማኖት አንድነት ታወጀ። ሚሲዮናውያን ከሸዋ ይውጡ የሚለው ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የውጭ ሰው ይህን የአንድ ንጉሥ ግትርነት አድርጎ ያነበዋል። ኢትዮጵያዊ ግን ሱስንዮስን ያስታውሳል። በ1622 ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ፤ ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡን እንደ አዲስ ላጥምቅ፣ ካህናቱን እንደ አዲስ ልሹም አሉ፤ የስንቱ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 «የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ። ያ ቁስል በ250 ዓመትም አልሻረም ነበር። በአንጻሩ ደግሞ በዚያ ፍርሃት ምክንያት የተጎዱት ፈረንጆች ብቻ እንዳልነበሩ መዘንጋት የለበትም። ከጎጃም የመርጡለ ማርያም አካባቢ የወጡት ሊቁ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆናቸው በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲንገላቱ በ1855 መንገድ ላይ አረፉ። ሀበሻ፣ የቅኔ ሰው፣ የራሳችን ሰው ነበሩ።

አባ ማስያስ በ1879 ደብረ ታቦር ተጠርተው ከሀገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ሰባ ዓመታቸው ነበር። ዳግመኛ አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ስደትን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ የሚረዳው ነው። በየጊዜው ሲያዙና ሲባረሩ ማስታወሻቸውና ጽሑፋቸው ጠፍቷል። ፖፕ ሊዮን 13ኛ «ያዩትን ይጻፉ» ብለው አዘዟቸው። ሽማግሌው በትዝታ ብቻ ተነሡ። የወንዙን ስም፣ የባላባቱን የዘር ሐረግ፣ የሠርጉን ሥርዓት፣ የገበያውን ቀን፣ የሞተውን ልጅ፣ ያስጠጋቸውን ሙስሊም ነጋዴ... ሁሉንም ከጭንቅላታቸው እያወጡ ጻፉ። ከ1885 ጀምሮ መታተም የጀመረው መጽሐፋቸው «በላይኛው ኢትዮጵያ የሠላሳ አምስት ዓመት ሚሲዮኔ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ሲኖረው፣ አሥራ ሁለት ቅጽ ሆኖ የተጠናቀቀው እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1895 ነው። ስለ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዚያ ዘመን ኑሮ የሚመራመር ሰው ዛሬም ያለዚህ መጽሐፍ አይሆንለትም። በእርግጥ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በትዝታ የተጻፈ ነው፤ ኦርቶዶክስን በሚመለከት ብዕራቸው ይመርራል፤ ቀን ከቀን የሚምታታበትም ቦታ አለ።

በ1884 ካርዲናል ተባሉ። ከውጫሌ ውል ሦስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1889፣ በኔፕልስ አጠገብ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ አረፉ። አስከሬናቸው በሮም አጠገብ በፍራስካቲ ከተማ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እዚያው የኢትዮጵያ ሙዚየም የሚባል በስማቸው አለ።

ከሞቱ በኋላ የደረሰባቸው ግን በሕይወት ሳሉ ከደረሰባቸው የባሰ ነው ማለት ይቻላል። በ1939 የፋሺስት መንግሥት ዘመን «አቡነ መስያስ» የተሰኘ ፊልም ወጣ። ፊልሙ የተቀረጸው በወረራ በተያዘችው ኢትዮጵያ ሲሆን፣ በቬኒስ የፊልም ውድድር በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ወሰደ። የካቲት 12 በአዲስ አበባ ሕዝባችን ከተጨፈጨፈ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከተረሸኑ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር! የፈንጣጣው አባት የጣሊያን «ሥልጣኔ» ሰባኪ ሆነው በሲኒማ ቀረቡ። ሙታን መልስ አይሰጡም። ከጦርነቱ በኋላ ስማቸው በኢትዮጵያ ሲነሣ ብዙ ሰው ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም።

ፈንጣጣውስ? አባ ማስያስ አላጠፉትም፤ ከክንድ ወደ ክንድ በሚያሻግር ሰው ሊጠፋም አይችልም ነበር። በኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ሲሆን በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኞች ተመዝግበዋል። በሀገራችን በዚያን ጊዜ የነበረው ዓይነት ቀለል ያለውና ገዳይነቱ አነስተኛ የሆነው ነበር፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል በጎጃምና በጎንደር ደጋ አንዳንዱ ገበሬ የአባቶቹን ዘዴ ይዞ ከታቢዎቹን አልቀበልም ያለው። የኢትዮጵያ ጤና ሠራተኞች በበቅሎ፣ በእግር፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር ዞሩ። በመካከል አብዮት ፈነዳ፤ ሥራው ግን አልቆመም። የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ በነሐሴ 1976 በኦጋዴን ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የታመመው የመጨረሻው ሰው በ1977 በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ የሆስፒታል ሠራተኛ የነበረው አሊ ማዎ ማሊን ነው፤ እሱም ድኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ጠፋ ብሎ በ1980 አወጀ። በኒው አልባኒ ትምህርት ቤቶች ወረቀት ላይ መስመሩ የሌለው ለዚህ ነው።

የቅድስናው ጉዳይ ገና አልተዘጋም። በታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ፖፕ ፍራንሲስ አባ ማስያስ በላቀ ምግባር የኖሩ መሆናቸውን አጽድቀው «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። ከዚህ በላይ «ብፁዕ»፣ ከዚያም «ቅዱስ» የሚባሉት ተአምር ሲረጋገጥ ነው። በአብዛኛው የሚቀርበው ተአምር የፈውስ ተአምር ሲሆን፣ ሐኪሞች መርምረው በሕክምና ሊገለጽ የማይችል ነው ማለት አለባቸው። በጉድሩና በካፋ በክትባት የተረፉት ልጆች መዳናቸው በሕክምና የሚገለጽ ስለሆነ ከዚህ ቁጥር አይገቡም።